ሳቁ የኛ፣ ዘፈኑ የማን?



የዛሬው ጨዋታችን በሳቅ ይጀምራል። በሳቅ የጀመረ ጨዋታ ሁሉ በሳቅ አያልቅምና ቡናችሁን ይዛችሁ ጠጋ በሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቻችን ጋር ተሰብስበን ሳለ አንደኛው ስልኩን አውጥቶ ዘፈን ከፈተልን። ትራምፔቱ ይነፋል፣ ሳክስፎኑ ይመልሳል፣ አንድ ለስላሳ የአዛውንት ድምጽ ረጋ ብሎ ያንጎራጉራል። ዓይናችንን ስንጨፍን ነጭ ኮት የለበሱ ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲደንሱ ታየን። «ደስ ሲል! የገና ዘፈን ነው?» ብለን ጠየቅን። ልጁ ከት ብሎ ሳቀብን። ለካስ ዘፈኑ የሜታሊካ «ኤንተር ሳንድማን» ነው! ያ በኤሌክትሪክ ጊታር የቤት ጣሪያ የሚያነሳ፣ እናቶቻችን ሲሰሙት የሚያማትቡበት ዘፈን፣ እዚህ ክራቫቱን አስሮ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ለእራት ግብዣ የመጣ እንግዳ መስሏል።

እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከዚያ «ለመሆኑ ዘፋኙ ማነው?» አልን። (ከጋዜጠኝነት ትምህርት የተረፈን ነገር ቢኖር ይቺ «ማን?» የምትል ጥያቄ ናት። ደመወዝ ባታመጣም ጥያቄዋ አለች።) «ፓት ቡን ይባላል» ተባልን። ቤታችን ገብተን የሰውየውን ታሪክ ስናነብ ሳቃችን ጉሮሯችን ላይ ቀረ።

ለምን እንደቀረ እንነግራችኋለን። አስቀድመን ግን ስለ ቀልዱ ራሱ ትንሽ እንበል። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የኤሊዎቹ ዳንስ

የታወቀ ዘፈንን ባልተጠበቀ ስልት አጫውቶ ሰው ማሳቅ የትናንት ነገር እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ካሚል ሳን-ሳንስ በ1886 «የእንስሳት ካርኒቫል» የሚል ሥራ ጻፈ። በውስጡ ኤሊዎች አሉ። ኤሊዎቹ የሚደንሱት ደግሞ በካንካን ነው! ካንካን ማለት ያ የፓሪስ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው እግራቸውን ወደ ጣሪያ የሚወረውሩበት ፈጣን ዳንስ ነው፤ ዜማው ዣክ ኦፌንባክ በ1858 ካቀረበው ኦፔሬታ የመጣ ነው። ሳን-ሳንስ ያንን ዜማ ወሰደና ቀስ... ቀስ... አድርጎ አስጎተተው። ኤሊዋ እግሯን ለማንሳት ስታስብ ይመሻል።

በዚህ አልበቃውም። የሌላው ፈረንሳዊ፣ የኤክቶር ቤርሊዮዝ የሆነ፣ እንደ ቢራቢሮ የሚበር የአየር መናፍስት ዳንስ ነበር። እሱን ደግሞ ለዝሆን ሰጠው፤ ያውም ከሰው ቁመት በሚበልጠው በደብል ቤዝ።

ሰውየው ግን ፈሪ ነበር። «ቁም ነገረኛ ደራሲ» የሚለው ስሙ እንዳይበላሽበት ሰግቶ፣ «ስዋን» ከምትባለው አንዲት ክፍል በቀር ሥራው በሕይወት እያለ እንዳይታተም ከለከለ። በ1921 ሞተ። በ1922 ታተመ። ዛሬ የሳን-ሳንስ ስም ሲነሳ ከብዙዎቹ ቁም ነገሮቹ ቀድሞ የሚነሳው ያ ያፈረበት ቀልድ ነው። አይ ዓለም!

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልን። ካንካንን ጨርሶ ሰምቶ የማያውቅ ሰው የኤሊዎቹን ዳንስ ቢሰማ ምን ይሆናል? እንቅልፉ ይመጣል እንጂ አይስቅም። ሳቁ ያለው በሚሰማው ዜማ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በሚሰማውና በሚያስታውሰው መካከል ነው። እኛ ሰምና ወርቅ የምንለው ነገር እኮ ነው! አዲሱ ስልት ሰሙ፣ ከሥር ያለው የታወቀው ዘፈን ወርቁ። ወርቁን የማያውቅ ሰው ሰሙን ይዞ ይቀራል።

ይህቺን ሕግ በኪሳችሁ ያዙልን። አሁን ወደ ፓት ቡን።

ነጭ ጫማ ያደረገው ልጅ

በ1950ዎቹ አሜሪካ ዘፈንም እንደ ሰው በቆዳ ቀለም ይለያይ ነበር። የጥቁሮች ዘፈን የሚጫወትበት ሬዲዮ ሌላ፣ የሽያጭ ሰንጠረዡም ሌላ። ነጭ ወላጅ የጥቁር ዘፋኝ ሸክላ ቤቱ እንዲገባ ስለማይፈልግ፣ ኩባንያዎቹ መላ ዘየዱ፦ ጥቁሩ የዘፈነውን ዘፈን ለነጭ ዘፋኝ ሰጥቶ «አጽድቶ» ማስዘፈን።

በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ጨዋው፣ ቸር ፈገግታና ነጭ ጫማ የማይለየው ፓት ቡን ነው። በ1955 የፋትስ ዶሚኖን «ኤይንት ዛት ኤ ሼም» ዘፈነ። ቡን በፖፕ ሰንጠረዥ 1ኛ ወጣ፤ ባለቤቱ ዶሚኖ በዚያው ሰንጠረዥ 10ኛ ላይ ቆመ። ቡን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተማሪ ነበርና «ኤይንት» የሚለው ቃል ሰዋስው ስለሚያፈርስ ላርመው ብሎ እንደነበር ራሱ ይተርካል። ደግነቱ ሰሚ አላገኘም!

ከዚያ ተራው የሊትል ሪቻርድ ሆነ። ሊትል ሪቻርድ በተወለደባት በሜከን ከተማ፣ በአውቶቡስ ጣቢያ ምግብ ቤት ሳህን ያጥብ የነበረ ልጅ ነው። በመስከረም 1955 ኒው ኦርሊንስ ስቱዲዮ ገብቶ «ቱቲ ፍሩቲ»ን ቀዳ። ያንን ዘፈን የሰማችሁ ታውቁታላችሁ፤ ልጁ የሚዘፍን ሳይሆን እሳት ላይ የቆመ ነው የሚመስለው። ብዙም ሳይቆይ ቡን የራሱን አወጣ። እሱ ደግሞ የምግብ ዝርዝር የሚያነብ ትሁት አስተናጋጅ ይመስላል። ውጤቱ? ቡን 12ኛ፣ ሊትል ሪቻርድ 17ኛ።

አሁን ሁለቱን አከታትላችሁ ብትሰሙ በሳቅ ትፈርሳላችሁ። በዓለም ላይ ካሉት አስቂኝ የዘፈን ቅጂዎች አንዱ ይህ ነው እንላለን። ነገር ግን በ1956 ማንም አልሳቀም! ለምን? በኪሳችሁ ያለችውን ሕግ አውጧት። ብዙዎቹ የቡን አድማጮች ወርቁን አያውቁትም። ሰሙን ወርቅ ነው ብለው ገዙት። ቀልዱ የሚሠራው ባለቤቱ ሲታወቅ ነው፤ ያኛው ንግድ ግን የሚሠራው ባለቤቱ እስካልታወቀ ድረስ ነው። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱም አንድ ዓይነት ሥራ ናቸው፤ የሰው ዘፈን ወስዶ ሌላ ልብስ ማልበስ። ልዩነቱ ያቺ አንዲት ነገር ናት።

ሊትል ሪቻርድ በኋላ ዘመን ሲያወራ፣ ነጮቹ ልጆች የቡንን ሸክላ ወላጅ የሚያየው ቦታ ላይ አስቀምጠው የእሱን መሳቢያ ውስጥ ይደብቁ እንደነበር ይናገር ነበር። ቀጣዩን ዘፈን፣ «ሎንግ ቶል ሳሊ»ን፣ ሆን ተብሎ የቡን ምላስ እንዳይደርስበት አፍጥነው ቀዱት ይባላል። ቡን ይህንንም ዘፈነው፤ ግን በዚህኛው ሊትል ሪቻርድ 6ኛ፣ ቡን 8ኛ ሆኑ። መሳቢያው መከፈት ጀምሮ ነበር።

ለእውነት ስንል የቡንንም ቃል እንስማ። ሕግ አልጣሰም። ዘፈን ደራሲዎቹ ሮያሊቲ ያገኙ ነበር። ዶሚኖ በአንድ መድረክ ላይ የጣት ቀለበቱን አሳይቶ «ይህን የገዛልኝ የቡን ዘፈን ነው» እንዳለም ቡን ራሱ ይተርካል። ይሁን። ገንዘቡ በከፊል ተከፍሏል እንበል። ስሙስ? «ይህን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ብሎ መቆምስ በስንት ይከፈላል?

የውሻው ዘፈን

«ቀልድማ ምን ይጎዳል?» የምትሉ ካላችሁ ይህቺን ስሙ።

ቢግ ማማ ቶርንተን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ድምጿ እንደ ቁመናዋ ግዙፍ ነው። በ1952 «ሃውንድ ዶግ»ን ቀዳች፤ የጻፉላት ሊበርና ስቶለር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ናቸው። በ1953 በጥቁሮቹ ሰንጠረዥ ላይ 1ኛ ሆኖ ሳምንታት ቆየ። ዘፈኑ ስለ ውሻ እንዳይመስላችሁ! ሴትየዋ ቤቷን እያሸተተ የሚመጣ፣ የማይረባ ወንድ ከደጃፏ ስታባርር ነው።

ከዚያ ፍሬዲ ቤልና ጓደኞቹ የሚባሉ የላስ ቬጋስ ቀልደኛ ሙዚቀኞች መጡ። ግጥሙን አለዘቡት፣ ምቱን አዘለሉት፣ ወንዱን ትተው እውነተኛ ውሻ አደረጉት። ሕዝቡ ሳቀ። በ1956 ላስ ቬጋስ የሄደ አንድ የ21 ዓመት ልጅም ሰምቷቸው በጣም ወደደው። ልጁ ኤልቪስ ፕሪስሊ ነበር።

ኤልቪስም ዘፈነው። በቴሌቪዥን ወገቡን እያወዛወዘ ሲዘፍን አገር ታመሰ። ታዲያ ስቲቭ አለን የተባለው የቴሌቪዥን ቀልደኛ በሐምሌ 1 ቀን 1956 ኤልቪስን ጋበዘውና ጭራ ያለው የሠርግ ኮት አልብሶ፣ አንዲት ባርኔጣ የደፋች ጆሮ ረጅም ውሻ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ ለእሷ አስዘፈነው። ሮክ ኤንድ ሮልን በጨዋ ልብስ አስጊጦ መሳቂያ ማድረግ! በማግስቱ ኤልቪስ ኒው ዮርክ ስቱዲዮ ሊገባ ሲል ወጣቶች «እውነተኛውን ኤልቪስ እንፈልጋለን» የሚል ጽሑፍ ይዘው ጠበቁት። ገባ፣ ዘፈኑን በቁጣ ቀዳው፣ ዓለምን ዞረ።

ቆጠራችሁ? የሴት ቁጣ ቀልድ ሆነ፣ ቀልዱ በኤልቪስ ተወረሰ፣ ኤልቪስም ራሱ ተቀለደበት። በሦስት ዓመት ውስጥ። «እውነተኛውን» ብለው የተሰለፉት ልጆች ከእውነተኛው በስተኋላ ሌላ እውነተኛ ሰው እንዳለች ያወቁ አይመስለንም። ቶርንተን ከዚያ ሁሉ ገንዘብ የደረሳት 500 ዶላር ብቻ እንደሆነ ተናግራለች። በ1984 አረፈች።

ትምህርቱ ምንድነው? ቀልድ ባለቤቱን ሲረሳ ቀልድነቱ ያበቃል። ራሱ ባለቤት ሆኖ ይቀመጣል።

አኮርዲዮን የያዘው አስፈቃጅ

ደግሞ በሥርዓት የሚቀልዱ አሉ። «ዊርድ አል» ያንኮቪክ የሚባለው አሜሪካዊ ከ1984 ጀምሮ በአብዛኞቹ አልበሞቹ ውስጥ አንድ ቋሚ ጨዋታ አለው። የሰሞኑን ዝነኛ ዘፈኖች ቁርጥራጭ ይሰበስብና ከነግጥማቸው በፖልካ ይጫወታቸዋል። ፖልካ ከምሥራቅና መካከለኛው አውሮፓ በመጡ ስደተኞች አማካይነት አሜሪካ የገባ፣ በአኮርዲዮን የሚዘለልበት የሠርግ ቤት ሙዚቃ ነው። ቁጡው ሮከር፣ ወርቅ በአንገቱ የደረደረው ራፐር፣ የፍቅር ቁስለኛው፣ ሁሉም በተራ እየመጡ እዚያው ሠርግ ቤት ይጨፍራሉ።

ያንኮቪክ በቀልዶቹ ስሙ የሚነሳበት አንዱ ነገር ደግሞ ባለቤቶቹን የማስፈቀድ ልማዱ ነው። ዘፋኙ «አይሆንም» ካለ ይተወዋል። ደግሞም ልብ በሉ፦ የእሱ ፖልካ ያለ ዋናዎቹ ዘፈኖች አንዲት ደቂቃ አትቆምም። አድማጩ «ይሄ እኮ የእንትና ነው!» ብሎ ሲጮህ ነው ሳቁ የሚፈነዳው። የባለቤቱን ስም አድማጩ ራሱ ይጠራል ማለት ነው።

የሄልሲንኪው አደባባይ

ከሁሉ የወደድነውን ደግሞ እናጫውታችሁ። ሌኒንግራድ ካውቦይስ የሚባሉ የፊንላንድ ቀልደኛ ሮከሮች አሉ። ጸጉራቸው እንደ ወፍ አፍ ወደ ፊት ሹል፣ ጫማቸውም እንዲሁ ሹል። በሰኔ 12 ቀን 1993 በሄልሲንኪ የሴኔት አደባባይ ኮንሰርት አዘጋጁ። አብሯቸው የቆመው ማን መሰላችሁ? የቀይ ጦሩ አሌክሳንድሮቭ የሙዚቃ ጓድ! ከመቶ በላይ የሆኑ ዩኒፎርም የለበሱ ሩሲያውያን፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ በዚያ ተራራ በሚያንቀጠቅጥ ድምጻቸው «ስዊት ሆም አላባማ»ን ዘፈኑ። የአሜሪካ የደቡብ ገጠር መዝሙር በሶቪየት ወታደራዊ ኅብረ ዝማሬ!

ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። ፊንላንዶች ደግሞ ከዚያ ጦር ጋር በ1939 እና በ1941 ሁለት ጊዜ የተዋጉ ናቸው። አደባባዩን ከሞሉት 70 ሺህ የሚገመቱ ሰዎች መካከል አባቱን ወይም አያቱን በዚያ ጦርነት ያጣ አይጠፋም። ሕዝቡ ግን አብሮ ዘፈነ፣ አብሮ ሳቀ። አኪ ካውሪስማኪ የተባለው ዳይሬክተር ፊልም አድርጎ አስቀርቶታል። ፊልሙን ስታዩ ማን በማን እንደሚስቅ መለየት ያቅታችኋል። ወታደሮቹ በሮከሮቹ ጸጉር፣ ሮከሮቹ በወታደሮቹ ቁም ነገርነት፣ ሁለቱም በአሜሪካ ዘፈን፣ ሁሉም በራሳቸው። ማንም ስሙን አልደበቀም፣ ማንም ከማንም በታች አልቆመም።

ያ ሳቅ ዕድሜው አጭር ሆነ። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን በሰፊው ወረረች፤ ፊንላንድም በሚያዝያ 2023 ኔቶን ተቀላቀለች። ቢሆንም አንድ ምሽት ተችሎ ነበር።

ወደ ቡን እንመለስ

በጥር 1997 ፓት ቡን 62 ዓመቱ ነበር። ያን ጊዜ ነው እኛን ያሳቀንን አልበም ያወጣው። ስሙ «ኢን ኤ ሜታል ሙድ» ነው፤ የሄቪ ሜታልና የሮክ ዘፈኖች በትልቅ የጃዝ ኦርኬስትራ። በዚህ ጊዜ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። «ሆሊ ዳይቨር»ን ሲዘፍን ባለቤቱ ሮኒ ጄምስ ዲዮ ራሱ ስቱዲዮ ገብቶ ከኋላ ተቀበለው። «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር»ን ሲዘፍን የዲፕ ፐርፕሉ ሪቺ ብላክሞር ጊታሩን ይዞ መጣ። አድማጩም ዋናውን ስለሚያውቅ ነው የሳቀው። ወርቁ ከነባለቤቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

አልበሙን ለማስተዋወቅ ሽማግሌው በአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት መድረክ ላይ ያለ ሸሚዝ፣ የቆዳ ሰደርያ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ የውሻ ማሰሪያ አጥልቆ፣ የውሸት ንቅሳት ለጥፎ ከአሊስ ኩፐር ጎን ብቅ አለ። የራሱ ሰዎች ተቆጡ። መንፈሳዊ ፕሮግራም ያቀርብበት የነበረው የክርስቲያን ቴሌቪዥን ጣቢያም ከተመልካች በደረሰው ቅሬታ ፕሮግራሙን አነሳበት፤ በኋላ አስረድቷቸው ታረቁ።

እስኪ አስቡት። በ1956 የሰው ዘፈን ወስዶ ባለቤቱን ሲጋርድ «ጨዋ ልጅ» ተባለ። በ1997 ባለቤቶቹን ጠርቶ፣ አስቀምጦ፣ ሲዋስ «ባለጌ» ተባለ። ሰዉ የተቆጣው በልብሱ ነዋ! ልብስ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ሰው አይታይም።

ሰውየውን ልንኮንነው አይደለም። እንዲያውም ቀልዱን ወደነዋል። እኛን የገረመን፣ አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው ሁለቱንም ሆኖ መገኘቱ ነው፤ የሚጋርደውንም፣ የሚጠራውንም።

እኛስ?

እኛም ንጹሕ አይደለንም። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ዶርም ውስጥ የሬዲዮ ማስታወቂያዎችን በትዝታ ቅኝት እንዘፍን ነበር። የሳሙና ማስታወቂያ በትዝታ ሲዘፈን አታውቁትም! ልብሱ የጠፋበት እንጂ የታጠበለት ሰው አይመስልም። ማስታወቂያውን የደረሰው ማን እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን? በፍጹም።

አዝማሪ ቤት የገባችሁ ግን አንድ ነገር ታስታውሳላችሁ። እንግዳው «ተቀበል!» ይልና ስንኙን ይጥላል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያሳምረዋል፣ ያጣምመዋል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ስንኙን የሰጠው ሰው ግን እዚያው ተቀምጧል። ሁሉም ዞር ብሎ ያየዋል። ሳቁም ምስጋናውም አድራሻ አላቸው። አዝማሪዎቻችን ያቺን ሕግ ሳይጽፏት ያውቋታል።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ዘፈን አጣምሙ፣ አስጎትቱ፣ ኮት አልብሱት፣ ኤሊ ላይ ጫኑት። እኛም እንስቅላችኋለን። ስቀን ስንጨርስ ግን ያቺን ደመወዝ የሌላትን ጥያቄ አንርሳት፤ «ማን?»

ቸር ያሰማን!